የዶክተር ጆን ላንግደን ዳውን የሕይወት ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች በዚህ ዓመት የዝነኛ ሰዎች ታሪክ እንድናቀርብ ባሳሰቡን ጊዜ፥ ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ንጉሥ፥ ሌላው የጦር አለቃ መረጠ። እኔ የመረጥኩት ሰው ስሙ በዓለም ሁሉ ይጠራል፤ ነገር ግን ብዙው ሰው የሰው ስም መሆኑን አያውቅም። ለምን እንደ መረጥኩት ኋላ እናገራለሁ። በጽሑፌ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ላንግደን ዳውን በ1828 በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል አውራጃ ቶርፖይንት በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መድኃኒትና ሸቀጣ ሸቀጥ ይሸጥ ስለ ነበር ልጁም ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ በሱቁ ውስጥ ይሠራ ጀመር። በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ግን፥ ማለት ልክ በእኔ ዕድሜ ሳለ፥ አንድ ነገር አጋጠመው። ለሽርሽር ወጥተው ሳሉ ኃይለኛ ዝናም ስለ መጣባቸው ከአንዲት ጎጆ ተጠለሉ። በዚያች ጎጆ እንግዶቹን የምታስተናግድ፥ አእምሮዋ ደካማ የሆነ አንዲት ልጃገረድ ነበረች። ዳውን ልጅቱን እየተመለከተ ለእንዲህ ያለ ሰው አንዳች ማድረግ አይቻልም ይሆን እያለ ያሰላስል ጀመር። ዝናሙ አባራ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ፤ ያ ጥያቄ ግን ከእሱ ጋር ቀረ። ይህን ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ ራሱ ተናግሮታል።

ከዚያ ወደ ሎንዶን ሄዶ የመድኃኒት ቅመማ ተማረ፤ ለዝነኛው ሊቅ ለማይክል ፋራዴይም በጋዝ ምርምሩ ረዳው። አባቱ ከሞተ በኋላ በ1853 ሎንዶን ሆስፒታል ገብቶ ሕክምና ተማረና በከፍተኛ ውጤት ፈጸመ። መምህራኑና ጓደኞቹ በዋና ከተማው ታላቅ ሐኪም ይሆናል ብለው ሲጠብቁ፥ እሱ በ1858 ኧርልስውድ ወደሚባል የአእምሮ ዝግመት ያለባቸው ሰዎች ወደሚኖሩበት ተቋም ሄደ። እንዲህ ያለውን ሥራ ማንም ሐኪም የሚመኘው አልነበረም፤ የሚያውቁት ሁሉ ተገረሙ።

ስለዚህ ተቋም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ያቋቋመው መንግሥት አልነበረም። አንድሩ ሪድ የሚባል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በ1847 በጎ አድራጊዎችን አስተባብሮ ያስጀመረው የምጽዋት ሥራ ነው። ሪድ ሐኪም ስላልነበረ ልቡ ቢያዝንም ዕውቀቱ አልነበረውም። ስለዚህ በሃንዌል ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን በሰንሰለትና በማሰሪያ ማሰርን ያስቀረውን ዶክተር ጆን ኮኖሊን ፈለገና ዐብሮት መከረ። እንደ እኔ አስተያየት የሥራው ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ ርኅራኄ ያለው ሰው ዕውቀት ያለውን ሰው ፈልጎ ጠየቀ፤ ዐዋቂውም አልናቀውም። ጉድለት ግን አልጠፋም። ገንዘብ የሚያዋጡት ሰዎች የትኛው ልጅ ይግባ የሚለውን በድምፅ ይመርጡ ስለ ነበር፥ ወላጆች ድምፅ ለመለመን ከደጅ ደጅ ይዞሩ ነበር።

ዳውን እዚያ እንደ ደረሰ ቅጣትን ከለከለ። ነዋሪዎቹ በማዕድ ተቀምጠው በሹካና በቢላዋ እንዲበሉ፥ አናጢነትና አትክልት ማልማት እንዲማሩ አደረገ። መናገር ለሚቸግራቸው የምላስ ማሠልጠኛ ነበረው። ገንዘብና ሚዛን የሚያስተምረውም በሱቅ ጨዋታ ነበር፤ አንዱ ባለ ሱቅ፥ ሌላው ገዥ ሆኖ እየመዘኑ እየከፈሉ ይማራሉ። የነዋሪዎቹን ፎቶግራፍ በብዙ ያነሣ ነበር። ፎቶግራፎቹን አይቻቸዋለሁ፤ ሰዎቹ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፥ ጠጉራቸውን አበጥረው፥ እንደ ማንኛውም የተከበረ ሰው ተቀምጠዋል። በ1860 ያገባት ሜሪ ክሬሊን ደግሞ ደመወዝ ሳይቆረጥላት ከባሏ እኩል ትደክም ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እሷ ጥቂት ብቻ መናገራቸው ያሳዝነኛል።

በ1866 ዝነኛ ያደረገውን ጽሑፍ አወጣ። ከነዋሪዎቹ መካከል መልካቸው የሚመሳሰል፥ የአንድ እናት ልጆች የሚመስሉ ሰዎች እንዳሉ ተመልክቶ ለይቶ ጻፋቸው። በዚህ ግን ስሕተት አለበት። ነዋሪዎቹን በፊታቸው መልክ በዓለም ሕዝቦች ስም ከፋፈላቸውና ያን ወገን ሞንጎላዊ አለው። ከሰጣቸው ስሞች አንዱ ኢትዮጵያዊ የሚል መሆኑን ባነበብኩ ጊዜ ደነገጥኩ፤ መጽሐፉንም ዘጋሁት። ኋላ እንደ ተረዳሁት በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ጥቁር ሕዝብን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። እሱ ራሱ ከዚህ ያወጣው ሐሳብ የሰው ዘር ሁሉ አንድ ነው የሚል ነበር፤ የዘር ልዩነትን ለባርነት ምክንያት ያደርጉ ለነበሩት ሰዎች የሚቃረን ነው። ሆኖም ስሙ የሞንጎልያን ሕዝብና የልጆቹን ወላጆች ለመቶ ዓመት ያህል አሳፍሯል። በዚያው በ1866 እኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ይችን ከተማችንን ጎንደርን አቃጥለዋታል።

በ1868 ዳውን ከተቋሙ ቦርድ ጋር ስላልተስማማ ሥራውን ለቀቀ። እሱና ሜሪ በሎንዶን አጠገብ ኖርማንስፊልድ የተባለ ቤት ከፍተው በራሳቸው መንገድ ሥራውን ቀጠሉ። በ1879 ነዋሪዎቹ ሙዚቃና ድራማ የሚያዩበትና የሚጫወቱበት ቴያትር ቤት ተሠራ። ቴያትር ቤቱ እስከ ዛሬ አለ፤ በ1970 የተመሠረተው የእንግሊዝ የዳውን ሲንድሮም ማኅበርም ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ግቢ ነው። ዳውን በ1896 በድንገት ሞተ። ሐኪሞች የነበሩት ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ሥራውን ቀጠሉ። በ1905 ከልጆቹ ለአንዱ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ በአያቱም ስም ጆን ተባለ። ይህ ሕፃን አያቱ ለይተው ከጻፉላቸው ሰዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ የታወቀው በ1959 ነው። ሰው በእያንዳንዱ ሕዋሱ 46 ክሮሞዞም አለው፤ በእነዚህ ልጆች ግን ከ21ኛው ቁጥር አንድ ስለሚተርፍ 47 ይሆናል። ይህንንም የፈረንሳይ ሐኪሞች ዤሮም ለዠን፥ ማርት ጎትዬና ሬሞን ቱርፐን አስታወቁ። እንግዲህ እርግማንም አይደለም፥ የእናትም ጥፋት አይደለም። በ1961 አያሌ ሊቃውንት ያ ስም እንዲቀር በአንድ የሕክምና መጽሔት ጠየቁ፤ በ1965 ሞንጎልያም ለዓለም የጤና ድርጅት አሳሰበች። ከዚህ በኋላ ዳውን ሲንድሮም የሚለው ስም ጸና።

አሁን ምክንያቴን ልናገር። የዘጠኝ ዓመት ታናሽ ወንድሜ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ከሦስት ዓመት በፊት በጥምቀት ዕለት በፋሲል ጥምቀተ ባሕር አጠገብ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ቆሜ ሳለሁ፥ ከእናቴ እጅ አምልጦ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ። ጓደኞቼ ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ የጎረቤት ልጅ ነው አልኳቸው። ሰምቶኛል። ሁሉን ነገር ባይናገርም የሚነገረውን ይሰማል። ይህን ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩም፤ ከእነዚያ ጓደኞቼም አንዳንዶቹ ይህን መጽሔት ያነባሉ።

እናቴ ጸበል ወስዳዋለች፤ ሐኪም ዘንድም ወስዳዋለች። እንደ እሱ ካሉት ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ ልቡ ተመርምሮ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ትምህርት ቤት ግን አልተቀበለውም። በክረምት ዳባት አጠገብ ባለው ደጋ አያቴ ዘንድ ስንሄድ፥ አያታችን የሕመሙን ስም ሳያውቁ ዱላ ሰጥተው ጠቦት ያስጠብቁታል፤ ማታም ቁጥሩን ይጠይቁታል። እኔ ከተማ የተማርኩት ስደብቀው እሳቸው ሥራ ሰጡት።

ዘንድሮ እንደ እናቴ ያሉ አራት እናቶች በየወሩ በተራ እንደ ማኅበር ይሰበሰባሉ። ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስና አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያለ አንዳች ክፍያ እየመጡ ይመክሯቸዋል። ነርሷ ጠንካራ ናቸው፤ እናቴ ወንድሜን በእጇ ስታጎርሰው አይተው ተቆጥተዋታል። ምላሱን በመስተዋት ፊት እንዴት እንደሚያሠለጥን ያሳዩትም እሳቸው ናቸው፤ ዳውንም እንዲሁ ያደርግ እንደ ነበረ ስነግራቸው ሳቁ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም በማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሥራ ባለሙያዎች ከከተማ አልፈው ወደ ገጠር ይወጣሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ አቶ አባዱላ ገመዳ በልጃቸው ስም ያቋቋሙት ዲቦራ ፋውንዴሽን አለ። አራቱ እናቶች ከባለሙያዎቹ ጋር እየመከሩ ማኅበራቸውን ሕጋዊ ለማድረግ አስበዋል፤ ገንዘብ የላቸውም፤ ደንቡን የሚጽፍላቸው ሰውም ገና እየፈለጉ ነው። ከወላጆች መካከል ሕግ ዐዋቂ ካለ ይህን ልብ ይበልልኝ።

እኔም የሱቁን ጨዋታ ቤት ውስጥ ጀምሬያለሁ። ወንድሜ ባለ ሱቅ፥ እኔ ገዥ ነኝ። ሽሮ በስኒ ይሰፍርልኛል፤ ሁልጊዜም ይመርቅልኛል፤ መልስ መስጠት ግን አይወድም። ባለፈው ሳምንት ዐሥር ብር ሰጥቼው ሦስት ብር መለሰልኝ፤ ትክክል ነበር። በወላጆች ቀን ከእናቴ ጋር ይመጣል፤ ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጭብጨባ ስለሚወድ ንግግሩ ሳያልቅ ሊያጨበጭብ ይችላልና ተናጋሪዎቹ እንዳይደናገጡ አስቀድሜ አሳስባለሁ።