ከእርሻ ትምህርት ወደ ሥዕል

በአምቦ ለምናድግ ተማሪዎች እርሻ የተከበረ ትምህርት ነው። በ1947 በከተማችን የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።) አንድ ጎበዝ ተማሪ እርሻን ትቶ ሥዕል ያዘ ቢባል ግን ከጉደር እስከ ጌዶ ያለ ዘመድ ሁሉ ሳያዝን አይቀርም። እኔም የሠዓሊውንና የባለቅኔውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሕይወት ለመጽሔታችን የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና መጻሕፍትን የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ልጁም ቀለምን ያወቀው ገና በቤቱ ሳለ ነው። በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ ግን የያዘው የእርሻን ትምህርት ነበረ። ሳይጨርሰው ተወው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ! በዚያን ጊዜ ኮሌጅ የሚገባ ወጣት በጣት የሚቆጠር ነበረ፤ በሥዕል እንጀራ መብላት ደግሞ ለብዙው ሰው የማይታሰብ ነገር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ገብረ ክርስቶስ አዲስ ነገር አልፈለገም፤ በአባቱ ቤት ትቶት ወደ ወጣው ወደ ራሱ ተመለሰ እንጂ።

ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። ከዚያም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። በ1963 ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ ብዙው ተመልካች ግራ ተጋባ። ቅዱሳንን በትልልቅ ዓይን ተስለው ማየት የለመደ ሰው፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆነ ሥዕል ቢያይ ይህ የእኛ አይደለም ማለቱ አይደንቅም። እኔ ግን በዚህ ወቀሳ አልስማማም። «ጎልጎታ» የተባለው ሥዕሉ ስቅለትን በደማቅ ቀይ ቀለም ያሳያል፤ አሣሣሉ የአባቱ አይደለም፣ ነገሩ ግን የአባቱ ነው። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ።

ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለቆ ተሰደደ፤ በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ሞተ። 50 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። «ሀገሬ» የተባለውን ግጥም የጻፈ ሰው በባዕድ አገር መሞቱ በጣም ያሳዝነኛል። በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ፤ በጀርመን አገር ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹም ተመልሰው በዚያ ተሰቀሉ።