ብረትም ይደክማል፤ የአውጉስት ቮለር የሕይወት ታሪክ

ሽቦ በእጃችን ጎትተን እንበጥስህ ብንለው እንቢ ይለናል። ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ስናጥፈው ግን ቀጭ ይላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ነገሩን ለክቶ በቁጥር ያሳየን ማን ነው? በዛሬው ዐምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ይህንኑ ሰው ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አውጉስት ቮለር በ1819 በጀርመን አገር በዞልታው ከተማ ተወለደ። በሃኖቨር ከተማረ በኋላ በርሊን በሚገኘው የቦርዚግ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ሠራ። በ1847 በአንድ የባቡር ኩባንያ የማሽን ክፍል ኃላፊ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ጭነቱን ለረጅም ጊዜ ችሎ የኖረ የባቡር አክሰል አንድ ቀን ሳይታሰብ ይሰበር ነበር። በ1842 ቬርሳይ አጠገብ የአንድ ሎኮሞቲቭ አክሰል ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ቮለር በግምት አልተመራም። በመጀመሪያ አክሰሉ ባቡሩ ሲሄድ ምን ያህል እንደሚጎብጥ በዚንክ ሰሌዳ ላይ እየጫረ የሚመዘግብ መሣሪያ ፉርጎው ላይ ገጠመ። ቀጥሎም ብረቱን ጭነት አሸክሞ የሚያሽከረክር ማሽን ሠራ። አንዳንዱን ናሙና በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ አዞረው። ሙከራው እስከ 1870 ድረስ ቀጠለ። በዚህም ብረት ለአንድ ጊዜ ከሚችለው ጭነት በጣም ባነሰ ጭነት፣ ከተደጋገመበት፣ እንደሚሰበር አረጋገጠ። ወሳኙም በከፍተኛውና በዝቅተኛው ውጥረት መካከል ያለው ልዩነት መሆኑን አሳየ። ውጤቱን በሠንጠረዥ አስፍሮት ነበር፤ ሌሎች በግራፍ ሲያስቀምጡት የቮለር መስመር ተባለ። እርሱም በ1914 በ94 ዓመቱ ሃኖቨር ላይ አረፈ።

ይህ ነገር እኛን በወርክሾፕ ቱቦላሬ የምንበይደውን ምን አገባን? ያገባናል እንጂ! ሁለት ቱቦዎች በብየዳ ሲጋጠሙ ውጥረቱ የሚጠራቀመው ብየዳው ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። ጥቃቅን ጉድለትም እዚያው አይጠፋም። ስንጥቁ ከዚያ ይነሣል። ስለዚህ የበለጠ ጠንካራ ብረት መግዛት ብቻውን የመጋጠሚያውን ዕድሜ እምብዛም አያረዝመውም።

በ1980 በሰሜን ባሕር ላይ የነበረው አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለው መድረክ የተገለበጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ ቱቦ ላይ ትንሽ ዕቃ ለመያዝ ከተበየደ ቦታ የተነሣ ስንጥቅ በማዕበሉ ምት እያደገ ሄዶ ቱቦውን በጠሰው። ከ212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ።

እንግዲህ ብየዳችንን አንዴ በመዶሻ መትተን ስላልተላቀቀ አለቀ አንበል። ጠርዙን እንይ፣ እንዳስስ፤ ነገ ለምናስተምራቸውም ይህንኑ እናሳያቸው።