የትንሿ ድመት አባት

 

ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። እባብ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሊነድፋቸው ሲል የአቡ ሁረይራ ድመት ዘላ አዳነቻቸው፤ እሳቸውም ጀርባዋን ዳበሷት፤ ድመት ስትወድቅ በእግሯ የምታርፈው ለዚህ ነው ይላል። ደስ ይላል፤ ግን በቡኻሪም በሙስሊምም፣ በሌሎቹ የታወቁ የሐዲስ ኪታቦችም ውስጥ የለም። እስቲ የባለድመቱን ሰሃባ እውነተኛ ሕይወት እንይ።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የየመን ሰው ናቸው፤ ጎሳቸው ደውስ ነው። ስማቸው፣ ይበልጥ በታወቀው ዘገባ፣ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሰኽር ይባላል። የቅጽል ስማቸውን ምክንያት ራሳቸው የተናገሩት ቲርሚዚ ዘንድ ተመዝግቧል። የቤተሰባቸውን መንጋ ሲጠብቁ ትንሽዬ ድመት ነበረቻቸው። ማታ ዛፍ ላይ ያሳድሯታል፤ ሲነጋ ይዘዋት ይወጡና ሲጫወቱባት ይውላሉ። በዚህ የተነሳ የትንሿ ድመት አባት ተባሉ። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ጠባቂው ሰውዬው እንጂ ድመቷ አይደለችም።

መዲና የመጡት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ወቅት ነው። ቤትም ንብረትም ስላልነበራቸው ከሱፋ ሰዎች ጋር መስጂድ ውስጥ ያድሩ ነበር። ረሃቡ ሲጠናባቸው ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያስራሉ። አንድ ቀን ሰው የሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀመጡ። አቡበክር (ረ.ዐ) ሲያልፉ ስለ አንድ አያ ጠየቋቸው፤ አያዋን ያውቋታል፣ ፍላጎታቸው ወደ ቤት እንዲጋብዟቸው ነበር። አልገባቸውም፣ አለፉ። ዑመርም (ረ.ዐ) እንዲሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ፊታቸውን አይተው ፈገግ አሉና ይዘዋቸው ገቡ። ቤት ውስጥ በስጦታ የመጣ አንድ ዕቃ ወተት ነበር። ደስታቸው ሳያልቅ የሱፋን ሰዎች በሙሉ እንዲጠሩ ታዘዙ! ለእኔ ምን ሊተርፈኝ ነው ብለው በልባቸው ተከፉ፤ ግን ሄደው ጠሩ። ዕቃውን አንድ በአንድ እያዞሩ ሁሉንም አጠጡ። በመጨረሻ ተራው የእሳቸው ሆነ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠጣ፣ ጠጣ እያሉ መግቢያ እስኪያጣ አጠጧቸው።

እናታቸው ለረጅም ጊዜ እስልምናን እምቢ ብለው ነበር። አንድ ቀን ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚያሳምም ቃል ተናገሩ። ልጅ እያለቀሱ ሄደው ዱዓእ አስደረጉላቸው። ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ የውሃ ድምፅ ተሰማ፤ እናት ታጥበው ወጥተው ሸሃዳ ያዙ። አሁንም አለቀሱ፣ ይህኛው የደስታ ነው።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር የቆዩት አራት ዓመት ገደማ ብቻ ቢሆንም በስማቸው የተዘገበው፣ ከነድግግሞሹ፣ 5374 ሐዲስ ነው። ገበያም እርሻም ስላልነበራቸው ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ሲበተኑ እሳቸው አይለዩም ነበር። ካስተላለፏቸው ውስጥ አንዲት ድመት አስራ የቀጣች ሴት ወሬ ይገኛል። አላበላቻትም፣ የምድር ነፍሳት ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በእሷ ሰበብ ሴትየዋ እሳት ገባች። በጥም የሚያለከልክ ውሻ አይቶ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን፣ አላህም የማረውን ሰው የነገሩንም እሳቸው ናቸው። እንስሳ ሰውን ከአደጋ ማዳኑን የሚፈልግ ወጣት እዚህ ያገኘዋል፤ አደጋው ግን ከእባብ መርዝ ይከፋል።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሆን ብሎ የዋሸ መቀመጫውን ከእሳት ያዘጋጅ የሚለውን ማስጠንቀቂያ ካስተላለፉት ሰሃቦች አንዱም እኚሁ አቡ ሁረይራ ናቸው። የእባቡን ታሪክ ሼር ያደረገ ሁሉ ዋሸ ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው በፍቅር ነው ያደረገው። ቢሆንም ይህ ወሬ የተለጠፈው በማን ስም ላይ እንደሆነ እዩ።

በኋላ የባሕረይን አስተዳዳሪ ሆነዋል። መዲናን ወክለው በሚያስተዳድሩበት ጊዜ እንኳን እንጨት ተሸክመው በገበያ መሃል ያልፉ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ሌሊቱን ከባለቤታቸውና ከአገልጋያቸው ጋር ለሦስት ተካፍለው በየተራ ይሰግዱበታል፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላውን ይቀሰቅሳል።

ያረፉት በ57 እና በ59 ዓመተ ሂጅራ መካከል ነው፤ በበቂዕ ተቀበሩ። በሕመማቸው ላይ ሲያለቅሱ ምክንያቱን ተጠየቁ። ለዱንያ እንዳልሆነ፣ መንገዱ ረጅም ስንቃቸውም ጥቂት ስለሆነ፣ ወደ ጀነት ይሁን ወደ እሳት እንደሚወሰዱ ስለማያውቁ መሆኑን ተናገሩ።