ከመሬት ቅየሳ እስከ ሰማይ ብናኝ፦ የጆን ቲንዳል ሕይወት

ጨለማ በዋጠው ቤት ውስጥ በጣራ ቀዳዳ ሾልኮ የሚገባን የፀሐይ ጮራ ያላስተዋለ ሰው አይገኝም። በጮራው መስመር እልፍ ብናኝ ሲዋልል ይታያል፤ ጮራው ሲሰወር ብናኙም አብሮ ይሰወራል። ሌላው አይቶ ያለፈውን ይህን ነገር ጆን ቲንዳል በቤተ ሙከራው ውስጥ ዓመታት መረመረው።

ቲንዳል እ.ኤ.አ ኦገስት 2 ቀን 1820 በአየርላንድ፣ በካርሎ አውራጃ፣ ሊግሊንብሪጅ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአካባቢው ፖሊስ ነበር። ሀብት ባይኖረውም ልጁን ደህና መምህር ዘንድ አስተማረው። ልጁም በሒሳብ ጎበዝ ስለነበር በ1839 በመንግሥት የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት በቅየሳ ሙያ ተቀጠረ፤ በኋላም ወደ እንግሊዝ ተዛወረ። በዚያ የሠራተኛው ደመወዝ ዝቅተኛ፣ አያያዙም የከፋ ሆኖ ስላገኘው ተቃውሞውን በይፋ አሰማ። በ1843 ከሥራ ተባረረ። ለጥቂት ዓመታት እንጀራው የተገኘው እንግሊዝን እንደ ሸረሪት ድር ይወርሯት ከነበሩት የባቡር ሐዲዶች ቅየሳ ነው።

በ1848፣ በሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ወደ ጀርመን ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ አቀና። ዕውቁ ኬሚስት ሮበርት ቡንሰን በዚያ ያስተምር ነበር። ሌሊቱን ከቀኑ ሳይለይ ተምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ የዶክትሬት ማዕረግ ያዘ። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የጠበቀው ሥራ አጥነት ነበር። ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ደጋግሞ ቢያመለክትም አልተሳካለትም። በሩ የተከፈተለት በ1853 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ባቀረበው አንድ ንግግር ነው። ተቋሙ ታላቁ ማይክል ፋራዳይ የሚሠራበት ስፍራ ሲሆን፣ ቲንዳልም በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ እስከ 1887ም አልለቀቀውም።

በየክረምቱ ዕረፍት ወደ አልፕስ ተራሮች መውጣት ልማዱ ሆነ። በ1861 ቫይስሆርን የተባለውን ከ4 ሺህ 500 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ጫፍ ከመሪዎቹ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው እርሱ ነው። ሸለቆዎቹ ላይ ደግሞ በረዶ በጥንት ዘመን ዛሬ ካለበት እጅግ ርቆ ይወርድ እንደነበር የሚመሰክሩ ምልክቶች ነበሩ። ያን ሁሉ በረዶ ምን አመጣው? ምንስ አቀለጠው? ፈረንሳዊው ፉሪዬ ከባቢ አየር የምድርን ሙቀት እንደሚይዝ ቀደም ብሎ ገምቶ ነበር። የትኛው ጋዝ ምን ያህል እንደሚይዝ ግን የለካ አልነበረም።

ቲንዳል በ1859 ሥራውን ጀመረ። ረጅም የነሐስ ቱቦ አዘጋጀ። ተራ መስታወት ሙቀትን ስለሚያግድ የቱቦውን ሁለት ጫፎች ሙቀት በሚያሳልፍ ጥርት ያለ የድንጋይ ጨው ሰሌዳ ዘጋቸው። በአንደኛው ጫፍ በፈላ ውኃ የሞቀ ዕቃ፣ በሌላው ጫፍ ጥቃቅን የሙቀት ልዩነትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ተተከለ። ከዚያ ቱቦውን ባዶ እያደረገ ጋዞቹን ተራ በተራ ሞላበት። የመሣሪያው መርፌ ለናይትሮጅንና ለኦክስጅን የመንቀሳቀስ ያህል አልተንቀሳቀሰም፤ የአየሩ አብዛኛው ክፍል የሆኑት እነዚህ ሁለቱ ሙቀቱን ያለ ከልካይ ያሳልፉታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን ግን መጠናቸው እጅግ አነስተኛ ሆኖ ሳለ ሙቀቱን ይውጡት ነበር። የውኃ ተን ባይኖር አንዲት የበጋ ሌሊት የእንግሊዝን ዕፅዋት በውርጭ ለመጨረስ ትበቃለች ሲል ደመደመ። ሰማዩ በጠራበትና አየሩ በደረቀበት ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ የሚያውቅ የደጋ ገበሬ ይህን ለመቀበል ቱቦም መርፌም አያሻውም። ቲንዳል አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ የእነዚህ ጋዞች መጠን ቢለዋወጥ ጥንታዊውን የአየር ንብረት ለውጥ ሁሉ ሊያስከትል ይችል እንደነበር በ1861 ጻፈ።

እዚህ ላይ የአንዲት ሴት ስም መነሣት ይገባዋል። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት ካርቦን ዳይኦክሳይድና እርጥብ አየር በፀሐይ ይበልጥ እንደሚሞቁ በ1856 አሳይታ ነበር። እርሷ የፀሐይን ብርሃን፣ እርሱ ከሞቀ አካል የሚወጣውን የማይታይ ሙቀት ነው የመረመሩት። ቲንዳል በጽሑፉ ስሟን አልጠቀሰም፤ ሥራዋን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም የሚለው ዛሬም የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል።

ወደ ብናኙ የመራው ደግሞ ብርሃን ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ብርቱ ጨረር ሲለቅ የለንደን አየር በብናኝ ተሞልቶ ታየው። ከጨረሩ ሥር የመብራት ነበልባል ሲያስጠጋ እንደ ጭስ ያለ ጥቁር ነገር ወደ ላይ ተነሣ። ጭስ ግን አልነበረም፤ ብናኙ ስለተቃጠለ ብርሃኑን የሚበትን ነገር የጠፋበት ባዶ ስፍራ ነበር። የሚቃጠል ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ብናኝ ድንጋይና አሸዋ ሳይሆን ከሕይወት ያላቸው ነገሮች የመጣ ነው ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ በ1870 ብናኝንና በሽታን የሚያያይዝ ንግግር ለሕዝብ አቀረበ። ብናኙ ፈጽሞ በረጋበት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ መረቅ ለወራት ሳይበላሽ መቆየቱን በማሳየትም የፓስተርን አሳብ አጠናከረ። ጥጥ፣ ግሊሰሪንና ከሰል ያለበት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መተንፈሻም ሠራ።

የሰማይን ሰማያዊነትም በጥቃቅን ብናኝ በተበተነ ብርሃን አስረዳ። በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተሳካለትም። ሎርድ ሬሊ ያለ ብናኝም የአየሩ ሞለኪውሎች ራሳቸው ሰማዩን ሰማያዊ ለማድረግ እንደሚበቁ ኋላ አስረድቷል። ብናኝ ብርሃንን መበተኑ ግን እውነት ነው፤ ዛሬ ኤሮሶል የሚባሉትን በአየር ላይ የተንሳፈፉ ቅንጣቶች በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች በዚሁ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

ቲንዳል ጠበኛ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። በ1874 በቤልፋስት ባደረገው ንግግር የተፈጥሮን ጥናት ለሳይንስ ብቻ በመጠየቁ አብያተ ክርስቲያናት አወገዙት። ለጋስም ነበር፤ በ1872 እና በ1873 በአሜሪካ ከሰጣቸው ትምህርታዊ ንግግሮች የተረፈውን ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ለወጣት ተመራማሪዎች ትምህርት ትቶ ተመለሰ።

በ1876፣ በሃምሳ አምስት ዓመቱ፣ ሉዊዛ ሃሚልተንን አገባ። እርሷ በሃያ አምስት ዓመት ታንሰው ነበር፤ በቤተ ሙከራም በጽሕፈትም ረዳቱ ሆነች። በስተርጅና እንቅልፍ ስለከዳው ማታ ክሎራል የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ጠዋት ደግሞ ለሆዱ ማግኒዥያ ይወስድ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 1893 ጠዋት ሉዊዛ ጠርሙሱን ተሳስታ በማግኒዥያው ፈንታ ክሎራሉን ሰጠችው። ሐኪሞች ቢረባረቡም በዚያው ዕለት አረፈ።

ሉዊዛ ከዚያ በኋላ አርባ ሰባት ዓመት ገደማ ኖረች። ደብዳቤዎቹንና የዕለት ማስታወሻዎቹን ሰብስባ የሕይወት ታሪኩን ራሷ ልትጽፍ ተነሣች፤ ሥራውን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት አልሆነላትም። በ1940 ስታርፍ መጽሐፉ አላለቀም ነበር። በሌሎች እጅ ተጠናቅቆ የታተመው በ1945 ነው።