ክሊቭ አቦት፦ ከዋንጫው ጋር ዲግሪ ያስያዙ አሰልጣኝ

ባለፈው ሴሚስተር የዶርሜ ልጅ ለቮሊቦል ውድድር ክፍለ ሀገር ሄዳ ሚድ ፈተና አመለጣት። ስትመለስ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ወርውራ፣ ስፖርቱን ልተወው ወይስ ትምህርቱን ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት በኋላ፣ ከሞቱ ሰባ ዓመት ገደማ በሆናቸው አንድ አሰልጣኝ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው። እኚህ ሰው ክሊቭላንድ ሊ አቦት ይባላሉ፤ ባጭሩ ክሊቭ አቦት።

አቦት የሠሩበት ኮሌጅ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1935 የጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሀገራችን መጥቶ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ አውሮፕላን ያበረረው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን የተማረው እዚያው ቱስኬጊ ኢንስቲትዩት፣ አላባማ ውስጥ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አቦት የተወለዱት በ1890ዎቹ፣ ጥቁር ሰው በጣም ጥቂት በነበረበት በሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ያንክተን ከተማ ነው። በዚያው ግዛት ብሩኪንግስ በሚገኘው ኮሌጅ ተምረው በ1916 ተመረቁ። በተማሪነታቸው የአሜሪካ ፉትቦል፣ ቅርጫት ኳስ፣ ቤዝቦልና አትሌቲክስ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉንም ተጫውተዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መኮንን ሆነው ፈረንሳይ ዘመቱ። በ1923 ደግሞ የቱስኬጊ የስፖርት ክፍል ኃላፊና አሰልጣኝ ሆነው ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1955 ድረስ፣ ሌላ ቤት አልፈለጉም።

ስማቸውን በሰፊው ያስጠራው ፉትቦል ነው። ቡድናቸው ከ200 በላይ ጨዋታ አሸንፏል። እኔን ግን የሳበኝ ፉትቦሉ ሳይሆን አነስተኛው የሜዳ ቴኒስ ቡድናቸው ነው። ለምን ቢባል፣ ፉትቦል ቢያንስ ተመልካች አለው። በዚያ ዘመን አንዲት ጥቁር ተማሪ ቴኒስ ብትጫወት ግን ምን ታገኛለች? የሀገሪቱ ዋና የቴኒስ ማኅበር በውድድሮቹ ጥቁሮችን አያሳትፍም ነበር። ጥቁሮቹ በ1916 የራሳቸውን የአሜሪካ ቴኒስ ማኅበር አቋቁመው የሚወዳደሩት እርስ በርሳቸው ነው። ሽልማቱ ዋንጫ እንጂ ገንዘብ አይደለም። በደቡብ ግዛቶች ለጨዋታ ሲጓዙ እንኳ ብዙው ሆቴልና ምግብ ቤት በሩን ይዘጋባቸዋል።

እንግዲህ አቦት ያደረጉት ነገር የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው። በ1936 በዚያው የጥቁሮች ማኅበር ሻምፒዮና ላይ ማርጋሬት እና ሩሜኒያ ፒተርስ የሚባሉ ሁለት እህትማማቾችን አዩ። ልጆቹ የዋሽንግተን ከተማ፣ የጆርጅታውን ሰፈር ልጆች ናቸው። ቴኒስ የተማሩት ቤታቸው አጠገብ ባለ የሕዝብ መናፈሻ ነው። ሩሜኒያ ለፍጻሜ ደርሳ ብትሸነፍም አቦት ያዩትን አይተዋል። ለእህትማማቾቹ የአራት ዓመት የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡ። ማርጋሬት ቀድማ ትምህርት ቤት ጨርሳ ስለነበር ታናሿን አንድ ዓመት ጠበቀቻትና በ1937 አብረው ገቡ። በ1941 ሁለቱም በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ዲግሪያቸውን ያዙ።

ሜዳ ላይ የሠሩትማ ጉድ ነው። ከ1938 እስከ 1941፣ ከዚያም ከ1944 እስከ 1953፣ በድምሩ 14 ጊዜ የማኅበሩን የሴቶች ጥንድ ሻምፒዮና ወስደዋል። በ1946 ደግሞ ሩሜኒያ በነጠላ ፍጻሜ አንዲት ወጣት አሸነፈች። ያቺ ወጣት አልቲያ ጊብሰን ነበረች፤ በ1957 ዊምብልደንን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር የሆነችው ጊብሰን።

በትንሽ ኮሌጅ ስፖርት መምራት ማለት ግን ማሰልጠን ብቻ አይደለም፤ ሜዳውንስ ማን ይጠብቀው? በ1939 ቱስኬጊ የገባችው ከፍታ ዘላይዋ አሊስ ኮችማን ለነፃ ትምህርቷ በምትኩ ትሠራ ነበር። ጂም ታጸዳለች፣ የፉትቦል ማልያ ትሰፋለች፣ የሸክላ አፈሩን የቴኒስ ሜዳ በመዳመጫ ታስተካክላለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሥራው በተማሪዎቹ ትከሻ ተከፋፍሎ ነው ስፖርቱ የቆመው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ነገር ከበደኝ። ተምሮ፣ ሰልጥኖ፣ ጠርጎ፣ ሰፍቶ መቼ ይተኛል? ኮችማን ቱስኬጊን ለቅቃ በሌላ ኮሌጅ ስትማር በ1948 ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

አቦት ለሴቶች ስፖርት የሰጡት ቦታ ለዘመኑ እንግዳ ነበር። በ1927 የቱስኬጊን ዓመታዊ የአትሌቲክስ ውድድር ጀመሩ፤ በ1929 የሴቶች ሩጫ ጨመሩበት። ሴቶቹን እንደ ክሪስቲን ኢቫንስ ፔቲ ያሉ አሰልጣኞች ይዘው ሲሠሩ፣ ኮሌጁ ከ1937 እስከ 1951 ባለው ጊዜ 14 የሀገር አቀፍ የሴቶች የቡድን ሻምፒዮናዎችን አሸነፈ።

ታሪኩ ታዲያ ሁሉም ያማረ አይደለም። የዋናው ማኅበር ብሔራዊ ሻምፒዮና በሩን ለጊብሰን የከፈተው በ1950 ነው። ያኔ የፒተርስ እህትማማቾች ሁለቱም ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በቃ፣ ዘመኑ አመለጣቸው። የቀራቸው ከቱስኬጊ ይዘውት የወጡት ዲግሪ ነው። ሁለቱም መምህራን ሆነው ኖሩ። ዋናው ማኅበር ያከበራቸው በ2003 ነበር፤ ሩሜኒያ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው፣ ማርጋሬት በቀጣዩ።

አቦት ያን የተዘጋ በር ሊከፍቱት አልቻሉም፤ ሥልጣኑም አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው የክፍሉ በር ነው፤ እሱን ከፈቱት። ለዶርሜ ልጅ ጥያቄ የኔ መልስም ከዚህ የመጣ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ መባል የለባትም። የውድድር ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው የፈተና ፕሮግራሙን ጎን ለጎን ቢያየው፣ መምህሩም ለውድድር የሄደውን ተማሪ ዝም ብሎ ከቀረው ባይደምረው፣ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። የፒተርስ እህትማማቾችን ውጤት ለዛሬ ያቆዩልን በአብዛኛው እንደ ባልቲሞር አፍሮ-አሜሪካንና ቺካጎ ዲፌንደር ያሉ የጥቁሮች ጋዜጦች ናቸው። ሌሎቹ እንደ ዜና ያልቆጠሩትን ጨዋታ ሄደው አይተው ጻፉ። የኮሌጃችን ሴቶች ቮሊቦል ቡድን በዚህ ሴሚስተርም ይጫወታል። እኔ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ የሚመጣ ካለ አብረን እንሂድ።