የመምህራን መምህር፣ የእርሻ ሰው፦ ዶክተር ሄንሪ ቤኔት

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን ወቅት፣ ሐረር አቅራቢያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ስለ ወተት ላም ስናስተምር ላሟን በሰሌዳው ላይ አሳምረን ስለን ነበር። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን የምትከለክለው ለምን እንደሆነ ጠየቀን። እኛ ዝም አልን። እሱ ግን እናቱ የሞተውን ጥጃ ቆዳ በጭድ ሞልታ ላሟ ፊት እያቆመች እንደምታልባት ነገረን። ለካ የዚያን ቀን መምህሩ እሱ ኖሯል! ስለ ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ሕይወት እንድንጽፍ ያነሳሳን ይኸው ኀፍረታችን ነው። ዘመናቱን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርገናል።

ቤኔት በታኅሣሥ ወር 1879 ዓ.ም. በአሜሪካ አርካንሳስ ክፍለ ግዛት ኒው ሆፕ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። ኮሌጅ ከጨረሱ በኋላ ሥራቸው ማስተማር ነበር። በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት ሁጎ በተባለች ከተማ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሆኑ። ከ1911 እስከ 1920 ዓ.ም. ደግሞ ዱራንት ከተማ የነበረውን የመምህራን ኮሌጅ መሩ። እንግዲህ እኚህ ሰው ከእርሻ ኮሌጅ በፊት እንደ እኛ ያሉ ዕጩ መምህራንን ያሠለጠኑ ናቸው ማለት ነው።

በ1920 ዓ.ም. የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ 23 ዓመት ያህል መሩት። ይህ ኮሌጅ የቆመው በ1854 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት ነው። ሕጉ ለየክፍለ ግዛቱ መሬት እየሰጠ፣ የገበሬና የሠራተኛ ልጆች የሚማሩባቸው ኮሌጆች እንዲቋቋሙ ያደረገ ነበር። እነዚህ ኮሌጆች ሦስት ሥራ አላቸው፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውንም ዕውቀት ገበሬው ደጃፍ ድረስ ማድረስ።

በእንዲህ ያለ ትምህርት ተማሪው ስለ ወተት በደብተሩ ጽፎ ብቻ አይወጣም፤ ጎህ ሲቀድ በረት ይገባል። ጡቷን አጥቦ ያልባል፣ ለእምቦሳው እንገሩን ያጠባል፣ የእያንዳንዷን ላም ወተት ለክቶ ይመዘግባል። ከዚያም የመኖውን፣ የመድኃኒቱንና የጉልበቱን ወጪ ከሽያጩ ላይ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ብዙ የምትታለብ ላም ሁሉ ብዙ ታተርፋለች ማለት እንዳልሆነ በገዛ እጁ ያየዋል። የእርሻ ንግድ አመራር የሚባለው ትምህርት ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1941 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር አራተኛው ነጥብ ለታዳጊ አገሮች የቴክኒክ ዕርዳታ መስጠት ነበር። ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ዐፄ ኃይለ ሥላሴን አነጋገሩ፤ ንጉሡም እንደ ኦክላሆማው ያለ ኮሌጅ እንዲቋቋምላቸው ፈለጉ። በ1943 ዓ.ም. ቤኔት የዚያ የቴክኒክ ዕርዳታ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። ነገር ግን ብዙ አልቆዩም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1944 ዓ.ም. የተሳፈሩበት አውሮፕላን ቴህራን አጠገብ ተከስክሶ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። ዕድሜያቸው 65 ነበር።

ኮሌጁን አላዩትም። ከሞቱ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1944 ዓ.ም. ስምምነቱ ተፈረመ። በመጀመሪያ ጅማ ላይ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቀጥሎም ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ዓለማያ ኮሌጁ ተሠርቶ ጥር 8 ቀን 1950 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደገውና ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ያው ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን በአንድ በኩል ብቻ ብናየው ስሕተት ነው። ዕርዳታው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በሚሻኮቱበት ዘመን የተሰጠ ነው፤ ንጹሕ ቸርነት ብቻ አልነበረም። ደግሞም እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ስለነበረ፣ አዲሱ ዕውቀት ቢደርሰውም ፍሬውን ከባለመሬቱ ጋር ይካፈል ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገበሬው ባዶ እጁን የሚጠብቅ ሰው አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ እያሳሳ፣ በሬውን በእጁ እያጎረሰ ሰንጋ ማድለብ ከጥንት ያውቅበታል። ከጀጎል በሮች አንዱ ሰንጋ በር መባሉ ይህንኑ ያስታውሰናል።

ታዲያ ከቤኔት ሕይወት ምን እንውሰድ? እኛ እንዲህ እንላለን፦ የተማረ ሰው በረት መግባቱ ክብሩን አይቀንሰውም፤ አለመግባቱ ግን ትምህርቱን ይቀንሰዋል። ነገ ገጠር ስንመደብ ላም በሰሌዳ ላይ ከመሳላችን በፊት አንድ ጧት ከሚያልቡት እናቶች ጋር በረት እንዋል። እነሱ የሚያውቁትን እንጠይቅ፣ እኛ ያነበብነውን እንጨምርበት።

የልጁን ጥያቄ መልስም ፈልገን አግኝተናል። ላም ጥጃዋን ስታይ ወይም ሲጠባት ከአንጎሏ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን በደሟ በኩል ጡቷ ደርሶ ወተቱን ያስለቅቀዋል፤ ጥጃው ሲታጣ ወተቱ ጡቷ ውስጥ ይቀራል። የእናቱ ጭድ የተሞላ ቆዳ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን መልስ ይዘን ወደዚያ ክፍል እንመለሳለን፤ መጀመሪያ ግን ልጁን እናመሰግነዋለን።