ጃክ ሬይኖልድስ፦ ጦርነት ያባረረው፣ አምስተርዳም ያቆየችው አሠልጣኝ

በአምስተርዳም ምሥራቅ ኢንዲሸ ቡርት የሚባለውን ሰፈር የሚያውቁ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ጎዳናዎቹ ጃቫ፣ ሱማትራ፣ ሞሉካ እየተባሉ ሆላንድ በቅኝ ትገዛቸው በነበሩ ደሴቶች ስም ይጠራሉ። ከሰፈሩ በስተደቡብ ያለውን ቦይ ተሻግረው ዋተርግራፍስሜር ሲገቡ ደግሞ ሚደንቬኽ የተባለውን ረጅም ጎዳና ያገኛሉ። ዛሬ መኖሪያ ቤቶች ከተሠሩበት ከዚህ ጎዳና አጠገብ ደ ሜር የተባለው የአያክስ ክለብ ስታዲየም ከ1934 እስከ 1996 ቆሞ ነበር (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከስታዲየሙ የተመልካች መቀመጫዎች አንዱ በሆላንዳዊ ሳይሆን በአንድ እንግሊዛዊ ስም ይጠራ ነበር። ሰውየው ጃክ ሬይኖልድስ ይባላል።

ሬይኖልድስ በ1881 በማንቸስተር ተወለደ። በወጣትነቱ ማንቸስተር ሲቲ ገብቶ ነበር፤ ሆኖም ለዋናው ቡድን ለመሰለፍ አልበቃም። ከዚያ በኋላ ኑሮው ከክለብ ክለብ መዞር ሆነ። ቡርተን ዩናይትድ፣ ግሪምዝቢ፣ ሼፊልድ ዌንዝዴይ፣ ዋትፎርድ፣ ኒው ብሮምፕተን፤ በሁሉም ተጫወተ፣ በአንዱም ኮከብ አልሆነም። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንም ተሰልፎ አያውቅም። በአጭሩ፣ በእግሩ እንጀራውን ያበሰለ፣ ስም ግን ያላተረፈ ተጫዋች ነበር።

በ1912 ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግሮ የሳንክት ጋለን ክለብ አሠልጣኝ ሆነ። ሥራው ታየለትና በ1914 ጀርመኖች ለ1916ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ ብሔራዊ ቡድናቸውን እንዲያዘጋጅላቸው መረጡት። እድሜ ልኩን ተራ ተጫዋች ለነበረ ሰው ይህ ትልቅ ሹመት ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። እንግሊዛዊ መሆን በጀርመን ምድር ጠላት መሆን ሆነ። ስቲቭ ብሉመርን የመሰሉ ስመ ጥር የእንግሊዝ ተጫዋቾች በርሊን አጠገብ በሩህሌበን እስር ቤት ሲታጎሩ፣ ሬይኖልድስ ገለልተኛ ወደነበረችው ሆላንድ ተሻገረ። ኦሎምፒኩም ሳይካሄድ ቀረ።

በ1915 አያክስ ሥራ ሲሰጠው ክለቡ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የሌላቸው፣ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ በሆላንድ እግር ኳስ ለገንዘብ መጫወት የተፈቀደው በ1954 ነውና። ሬይኖልድስ ኮከብ ግዙልኝ አላለም። ከዋናው ቡድን ጋር የታዳጊዎቹንም ሥልጠና በእጁ ያዘ። ልጆቹ ከታች ጀምሮ ዋናው ቡድን የሚጫወተውን ጨዋታ እንዲለምዱ አደረገ፤ ኳስ ይዞ መለማመድን፣ በክንፍ በኩል ማጥቃትን፣ ሥነ ሥርዓትን አስተማረ። አንዱ ተጫዋች ሲወጣ የሚተካው ልጅ ሥራውን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ፍሬው ብዙም አልዘገየም። አያክስ በ1917 ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ተመለሰ፤ በ1918 እና በ1919 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ1925 ሬይኖልድስ ከክለቡ አመራር ጋር ተጣላና ብላው ዊት ወደተባለው የዚያችው ከተማ ተቀናቃኝ ክለብ ሄደ። እኛ ስደተኞች ይህን ዓይነቱን ጠብ ከማኅበሮቻችን በሚገባ እናውቀዋለን። ልዩነቱ ግን እነሱ ከሦስት ዓመት በኋላ ታረቁ። በ1928 ተመለሰ፤ በ1931፣ 1932፣ 1934፣ 1937 እና 1939 አምስት ዋንጫ ተጨመረ።

ጦርነት ግን ሁለተኛ ጊዜ አገኘው። ናዚዎች በግንቦት 1940 ሆላንድን ሲይዙ፣ ሬይኖልድስ የእንግሊዝ ዜጋ ነውና ታሰረ። በ1914 ያመለጠው እስር በሃያ ስድስተኛው ዓመት ደረሰበት። በላይኛው ሲሌዝያ ቶስት በተባለው የእስረኞች ካምፕ ቆየ፤ ደራሲው ፒ ጂ ዉድሃውስም እዚያው ታስሮ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሬይኖልድስ የተመለሰው ወደ አምስተርዳም፣ ወደ ሥራው ነው። በ1947 ስምንተኛውን ሻምፒዮንነት አስገኝቶ ሥልጠናን ተሰናበተ። ኑሮውን ግን ከከተማዋ አላነሳም፤ በኅዳር 1962 እዚያው አረፈ።

በዚያ በመጨረሻው ቡድን ውስጥ ሪኑስ ሚኸልስ የሚባል ወጣት አጥቂ ነበር። በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ በሄጉ አዶ ክለብ ላይ አምስት ጎል ያገባ ልጅ ነው። ሚኸልስ በ1965 የአያክስ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1971 ክለቡን የአውሮፓ ዋንጫ ባለቤት አደረገ። ሬይኖልድስ ይህን ሊያይ አልታደለም፤ የዘራውን ያጨደው ተማሪው ነው።

ሬይኖልድስ ባረፈበት በ1962፣ በጥር ወር፣ የእኛ ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ አንሥቷል። አሠልጣኙ የቀድሞው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ክቡር ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኛም ከሜዳ ወጥቶ የሚያስተምር ሰው አልቸገረንም ማለት ነው። ታዲያ ያ ዋንጫ ለምን ብቸኛችን ሆኖ ቀረ? ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን ከኳስም አልፎ በመሥሪያ ቤቱ፣ በፓርቲውና በማኅበሩ የምናውቀው ልማድ ይመስለኛል፦ የቀደመው የተከለውን ተተኪው ነቅሎ ከባዶ ይጀምራል።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። አምስተርዳሞች ግን የሰው አገር በሬ አርሶላቸዋል፤ ያረሰውንም ጦም አላሳደሩትም። ሬይኖልድስም ጦርነቱ ያልፋል ብሎ ሻንጣውን አሥሮ አልተቀመጠም፤ በተጠጋበት አገር የሰው ልጆችን አሠለጠነ። ስደት ላይ ያለን ሰዎች አገራችንን ማሰባችን ተገቢ ነው። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን ለማን እያስተማርን ነው?

ቸር ይግጠመን።